ለወፍጮዬ ዲናሞ ፍለጋ ቂርቆስ ድረስ

ከአዲስ አበባ ስመለስ የወፍጮ ቤቴ ደጃፍ በሴት ተሞልቶ ጠበቀኝ። "እስኪ ንገሪን፣ ምን አየሽ?" ያላለኝ የለም። ለአንዷ ነግሬ ስጨርስ ሌላዋ ትመጣለች፤ ለሷ ደግሞ እንደገና ከሐርቡ እጀምራለሁ። በመጨረሻ ድምፄ ሲዘጋ "በቃ እጽፈዋለሁ፣ ማንበብ የምትችለው ለማትችለው ታንብብላት" አልኩ። ጀምሬ እስክጨርስ ሳምንታት አለፉ፤ የጻፍኩት ይኸው ነው።

ጽሑፉ ከከተማችን ወጥቶ እንግዳ እጅ ከገባ ደግሞ ይህን ያህል ልበል። ስሜ ዘይነባ ሰይድ ነው። ከሐርቡ ገባ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ ከአባቴ የወረስኩትን ወፍጮ አስተዳድራለሁ። ድንጋዩን የሚያዞረው በናፍጣ የሚሠራ አሮጌ ሞተር ነበር። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ወፍጮው ይቆማል፣ ወፍጮው በቆመ ቁጥር ሴቱ እህሉን ተሸክሞ ሐርቡ ድረስ ይሄዳል። ዘንድሮ አንድ ወር ተኩል ቆመ። አንዲት ነፍሰ ጡር ጎረቤታችን ማሽላዋን አዝላ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች። ልጇም እሷም አልሐምዱሊላህ ተርፈዋል፤ እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመብራት መስመር ከተማችን ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። ናፍጣውን ትቼ በመብራት የሚሠራ ዲናሞ ልግዛ ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ሐርቡ ድረስ የሸኘኝ አህመዴ ነው። አህመዴ ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ሞተሩን የሚያስነሳ፣ የሚፈታ፣ የሚገጥም ሰው ነው። ሌላ ሥራ አያውቅም። ሻንጣዬን አውቶቡሱ ላይ ሰቅሎ ከወረደ በኋላ መስኮቱ ሥር ቆመና፣

"እትዬ፣ ዲናሞው ሲመጣ እኔን ምን ልታደርጊኝ ነው?" አለኝ።

"አብሽር፣ አላህ ያውቃል" አልኩት።

አላህ እንደሚያውቅማ እሱም ያውቃል። የጠየቀው እኔን ነበር። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰና ከጥያቄው ገላገለኝ፤ ግን እስከ ከሚሴ ድረስ ፊቱ መስታወቱ ላይ ያለ መሰለኝ።

ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሾፌሩ ወደ ነዳጅ ማደያ ታጠፈ። ሰልፉን ብታዩት! የጭነት መኪናው ከማደያው በር ጀምሮ እስከ ከተማው መውጫ ተደርድሯል። ሾፌሮቹ ጥላ ሥር ተጋድመው ካርታ ይጫወታሉ። ናፍጣ የሚቸግረው የኔ ወፍጮ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ማንጎ ገዝተው በቢላቸው እየላጡ ለአራት ሰው አካፈሉን፤ እጃችንን የምንታጠብበት ስናጣ ደግሞ የውሃ ኮዳቸውን አወጡ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ገዛሁ፣ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ ቢስሚላህ አልኩ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢዬን ደረብኩ። የቆላ ሰው ደብረ ብርሃንን በነጠላ አያልፍም።

ላምበረት መናኸሪያ የጠበቀኝ ኑሩ ነው፤ የአክስቴ ልጅ የሰዒዳ ባል። ታክሲ ነጂ ነው። ነጭ መኪናው ውስጥ ስገባ ቀበቶ አሰረልኝ። ሞተሩን እስኪያስነሳ ዝም ብዬ ስጠብቅ አጥሩ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ።

"ኑሩ! መኪናው እየተንሸራተተ ነው!" ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

ሳቁን ማቆም አቃተው። "እየነዳሁ ነው እኮ እትዬ ዘይነባ! ኤሌክትሪክ ነው። ድምፅ የለውም፣ በቃ።"

ወሎ ሰፈር እስክንደርስ የነገረኝን ሁሉ አልጽፈውም። ድሮ በቤንዚን ታክሲ ሲሠራ ከሳምንቱ ሁለቱን ቀን ሰልፍ ላይ ይውል እንደነበር ነገረኝ። አሁን ቻርጅ ያደርጋል። "ማለቴ፣ ይሄ መኪና በወንዝ ነው የሚሄደው" አለኝ። "ግድቡ ውሃውን ወደ መብራት ይቀይራል፣ መብራቱ ጎማውን ያዞራል።" አያቴ በወንዝ የሚዞር ወፍጮ እንደነበራቸው አስታወስኩ። የሰው ልጅ ዞሮ ዞሮ ወደ ውሃው ተመለሰ ማለት ነው።

ሰዒዳ የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው እስከዚያ አይወጣም፤ በጀሪካን ይሸከማሉ። ይህን ሳይ ተጽናናሁ። እኛ ብቻ አይደለንም ተሸካሚዎቹ። ሰዒዳ የራሷን አልጋ ለቀቀችልኝና ከሴት ልጇ ጋር ተኛች። እምቢ ብላት "ዝም በይ፣ አንቺ ቤት ስመጣ የማንን አልጋ ነው የምተኛው?" አለችኝ።

ረቡዕ

አባቴ ሞተሩን የገዛው ካዛንቺስ ከሚሠራ ተፈራ ከሚባል ሰው ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ አንዴ አብሬው መጥቼ አውቃለሁ። ጠባብ መንገድ፣ የቆርቆሮ አጥር፣ ደጃፉ በዘይት የጠቆረ ሱቅ ነበር። ለጋሽ ተፈራ ብዬ አራት ኪሎ በሶ በፌስታል ቋጥሬ ያንን ሱቅ ፍለጋ ወጣሁ።

ሱቁም የለም፣ መንገዱም የለም። ያለው እንደ ሜዳ የሰፋ አስፋልት፣ የብስክሌት መንገድ፣ አበባ፣ የቆመ መብራት፣ ንጹሕ ድንጋይ የተነጠፈበት የእግር መንገድ ነው። አፌን ከፍቼ አየሁ። ውብ ነው፤ መዋሸት አልፈልግም። ግን የማውቀው ነገር ሁሉ ከሥፍራው ስለተነሳ የዘመዱን መሞት ደጃፉ ላይ እንደሰማ ሰው ደንግጬ ቆምኩ።

ፎቁን እያየሁ አስፋልቱ ውስጥ ገባሁ። መኪና ቢመጣ እሰማለሁ ብዬ ነው፤ እኛ አገር መኪና ከሁለት ኮረብታ ወዲያ ይሰማል። አንዱ ኮሽታ ሳያሰማ መጥቶ ጉልበቴ ሥር ሲጥ ብሎ ቆመ። ጮህኩ፣ ፌስታሉ ከእጄ ወደቀ፣ በሶው ፈነዳ።

አንድ ጎረምሳ ከመኪናው ዘሎ ወረደ። "ማዘር ሶሪ! ደህና ነሽ? በናትሽ እያየሽ ተሻገሪ፣ ድምፅ የለውም እኮ!" አቧራዬን አራግፎልኝ፣ ሦስቴ ይቅርታ ጠይቆኝ ሄደ። እኔ ያ የሚያብረቀርቅ መንገድ ላይ ከተዘረጋው በሶ ጋር ቀረሁ። ወዲያው መጥረጊያ የያዘች ቢጫ የሥራ ልብስ የለበሰች ሴት መጣች።

"እህቴ፣ ይሄን አሁን ነው የጨረስኩት" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችና፣ "ውይ፣ በሶ ነው! የወሎ ነው?"

ሁለታችንም ሳቃችን መጣ። ስሟ ብርቄ ነው። ስትጠርግ እኔ በካርቶን አፈስኩ፤ ለማን እንደሆነም ነገርኳት።

"የሞተር ሠሪው ተፈራ? እኛም እዚሁ ነበርን እኮ፤ ቤታችን እዚያ ዛፉ ጋ ነበር።" ያሳየችኝ ዛፍ ብቻውን ቆሟል። "እኛ ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄድን፤ እሱ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው፣ የወንድሙ ግቢ።" መጥረጊያዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ታክሲ ላይ ድረስ አደረሰችኝ፣ ለረዳቱም የት እንደሚያወርደኝ አዘዘችው። የማላውቃት ሴት ናት።

ጋሽ ተፈራ ጸጉራቸው ሙሉ ለሙሉ ነጭ ሆኗል። ጠረጴዛቸው ላይ የመዳብ ሽቦ ተጠቅልሎ ያበራል። ማን እንደሆንኩ ብነግራቸውም አላስታወሱኝም። የሞተሩን ዓይነት ስነግራቸው ግን፣

"የሰይድ ሞተር! ያ ፖምፓው የሚያስቸግረው! እስካሁን አለ?" ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ።

"ሞተሩ አለ። አባቴ ግን ካረፈ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው።"

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ረቡዕ ስለሆነ እሳቸው ጾም ናቸው። ለእኔ ሌላ ምግብ ሊያዝዙ ሲሉ ከለከልኳቸው። በአንድ ትሪ ሽሮና ጎመን በላን። በጾም ቀን የክርስቲያንና የእስላም ገበታ አንድ መሆኑ እንዴት ደስ ይላል! ስንበላ የራሳቸውን ነገሩኝ። አርባ ዓመት ናፍጣ ወደ ሞተር የሚገፋውን ፖምፓ ሲያጥቡ ኖረዋል። ከዚያ ናፍጣ የማይጠጡ መኪኖች መጡ፤ ደንበኛው ሳሳ፤ ሱቁም ተነሣ። ብዙ ወራት ቤት ተቀመጡ። "ሰው ሞቶ ሳይቀበር ሲቀር እንደዚያ ነው" አሉኝ። ከዚያ ሴት ልጃቸው፣ ቴክኒክ የተማረች ናት፣ የተቃጠለ ዲናሞ አምጥታ ፊታቸው ፈታችው። እያዩ ተማሩ። ዛሬ የተቃጠለ ዲናሞ ሽቦ አውጥተው አዲስ የሚጠመጥሙት እሳቸው ናቸው።

"ነገ ሥራ አለብኝ፤ ዓርብ አብረን ሄደን እንገዛለን። ብቻሽን እንዳትገዢ" አሉኝ።

ሐሙስ

ብቻዬን ገዛሁ።

ምን ላድርግ፣ ወፍጮዬ ቆሟል፣ ቀኑ ደግሞ ዝም ብሎ ይሄዳል። ኑሩ መኪናውን ቻርጅ ሊያደርግ ስለነበር ሜክሲኮ አውርዶኝ ሄደ። ሱቁ ውስጥ በአረንጓዴ ቀለም የሚያብረቀርቅ ዲናሞ ተቀምጧል። ሻጩ ጨዋ ወጣት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። "ጉልበቱ ለወፍጮ ይበቃል?" አልኩት። "ይተርፋል እንጂ" አለኝ። ጉልበቱ እውነትም በቂ ነበር። ሌላ የሚጠየቅ ነገር መኖሩን አላወቅሁም። በባጃጅ አስጭኜ ደስ እያለኝ ቂርቆስ ወሰድኩት።

ጋሽ ተፈራ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደገና አነበቡ።

"ልጄ፣ ይሄ ፈጣን ነው። የውሃ ፓምፕ ነው የሚያዞረው። ያንቺ ድንጋይ ረጋ ብሎ ነው የሚዞረው። በዚህ ብታሠሪው ዱቄቱ ይቃጠላል፤ ባስ ካለም ድንጋዩ ይሰነጠቃል።"

ሳልፈልግ እንባዬ መጣ። አልተቆጡኝም። ሻይ አስመጡና ሌላ ነገር ጠየቁኝ።

"ለመሆኑ ዲናሞውን ማን ነው የሚይዝልሽ?"

"ኤሌክትሪክ የተማረ ሰው እቀጥራለሁ።"

"የድሮው ሰውዬስ?"

ስለ አህመዴ ነገርኳቸው። የጠየቀኝንም፣ የመለስኩለትንም። ብዙ ሳይናገሩ ስልኬን እያመለከቱ "ደውዪለት፤ ይምጣ" አሉኝ። "ኤሌክትሪኩን እኔ አስተምረዋለሁ። ወፍጮውን ግን የሚያስተምር ትምህርት ቤት የለም፤ እሱ ያውቀዋል።"

ደወልኩ። አህመዴ "በዚህ ዕድሜዬ ተማሪ ልሁን?" አለኝ። ስልኩን ለጋሽ ተፈራ ሰጠኋቸው። "እኔ ስማር ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር" ብቻ ብለውት ስልኩን መለሱልኝ።

አመሻሹ ላይ ኑሩ እንደገና ቻርጅ ሊያደርግ መስቀል ፍላወር አካባቢ ወዳለው ማድረጊያ ይዞኝ ሄደ። እዚያም ሰልፍ አለ! ታክሲ ነጂዎቹ ማኪያቶ ይዘው ተራ ይጠብቃሉ፤ ልክ እንደኛ ወፍጮ ቤት ወሬው ደርቷል። አንዱ ያለ ተራው ከሰልፉ መሀል ገብቶ ሲያስወጡትም አየሁ፤ ይሄስ እኛ ወፍጮ ቤት የለመድኩት ነው። ሁሉም ደስተኛ ነው ብዬ አልዋሽም። አንዱ ባትሪው ቢሞት መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ ይጨነቃል፤ ሌላው ወንድሙ ጋራዡን ዘግቶ አገር ቤት እንደገባ አወራ። ግን ለኑሩ በቀን የሚተርፈው ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ቤት መሆን ከጀመረ ወዲህ ሰዒዳ ፊቷ መለወጡን እኔው በዓይኔ አይቻለሁ።

ዓርብ

ሱቁ ግድግዳ ላይ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ትናንት አላየሁትም፤ ዛሬ ግን ከሱቁ ሁሉ የሚታየኝ እሱ ብቻ ሆነ። ወጣቱ ሻጭ ወደ ወረቀቱ አየ፣ ወደኔ አየ፣ አንገቱን ደፋ።

ጋሽ ተፈራ አልተከራከሩም። ወንበር ስበው ተቀመጡ። "ልጄ፣ ወፍጮ ቤት ገብተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም አባባ። እዚሁ ነው ያደግኩት።"

"እሷ ትንገርህ እሺ።"

ስለ ነፍሰ ጡሯ ጎረቤቴ ነገርኩት። ወጣቱ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ጓዳ ገብቶ ግራጫ፣ ወፍራም፣ መልክ የሌለው ዲናሞ እየጎተተ አመጣ።

"ይሄ ነው አይደል አባባ?"

ጋሽ ተፈራ ጽሑፉን አነበቡና ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ልጁ ቀየረልኝ። ስንወጣ ተከትሎን መጣና ለጋሽ ተፈራ "ለወፍጮ ብሎ የሚመጣ ሰው በዝቷል፤ እኔም የሚሆነውን ለይቼ አላውቅም። እየላክኩ ላስጠይቅዎት?" አላቸው። "ወንበር ካለህ ራሴ እመጣለሁ" አሉት።

ጁምዓ ከሰገድኩ በኋላ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሄደን ዲናሞው ላይ የሚገባውን ክብ ብረት፣ ፑሊውን፣ አስቆረጥን። ፑሊው ላይ ተጠምጥሞ ድንጋዩን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውንም፣ ገዛን። ጀንበር ልትጠልቅ ስትል አህመዴ ላምበረት ደረሰ። የመጣው ኮቱን ለብሶ ነው፤ ለሠርግና ለለቅሶ የሚለብሳትን።

ቅዳሜ

አህመዴ ጋሽ ተፈራ ግቢ ሲገባ እጁን ኪሱ ውስጥ አድርጎ በር ላይ ቆመ። ሽቦውን፣ መለኪያውን፣ የጋሽ ተፈራን ልጅ በላፕቶፕዋ ላይ ጎንበስ ብላ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ልመለስ ሊለኝ እንደሆነ ገባኝ። ጥግ ላይ አንድ የተጠገነ ዲናሞ ለሙከራ ይሽከረከራል። አህመዴ ጆሮውን ጣለ። ሳያስፈቅድ ከጠረጴዛው ጠመንጃ መፍቻ አነሣ፤ ጫፉን ዲናሞው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አደረገ።

"በግራ በኩል ኩሽኔታው አልቋል" አለ።

ልጅቷ ቀና አለች። "ትናንት ነው የገባው፣ አዲስ ነው እኮ።"

"አላውቅም። አልቋል።"

አጥፍተው ፈቱት። ዘንጉን የሚሸከመው ኩሽኔታ ውስጥ ካሉት ትንንሽ ኳሶች አንዷ ተሰንጥቃለች። ልጅቷ በመዳፏ ይዛ ለአባቷ አሳየች። ጋሽ ተፈራ አህመዴን አቅፈው ከትከት ብለው ሳቁ፣ አህመዴም ኮቱን አወለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እዚያው ነው የቆየው። ጋሽ ተፈራ ከሚሠሩበት ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል ጠርገው ሰጡት። ከሰዓት ብመጣ አዲስ ምንጣፍ አንጥፈው "ቂብላው በየት በኩል ነው?" እያሉ ሲጠይቁት አገኘኋቸው።

እሁድ

የመመለሻዬን መንገድ አላረዝመውም። ሰዒዳ ፓስታና ዘይት አሸክማ ሸኘችኝ። ሸዋ ሮቢት ሰልፉ እንዳለ ነው። እኔም ያንኑ መስኮት ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ግን ልቤ ቀሎኛል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አህመዴ ከዲናሞው ጋር በጭነት መኪና መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲገጥም ዋለ፤ አላስጠጋንም። ሲያስነሳው ያዩት አይተዋል፤ ያላየ ከተማው ውስጥ የለም፣ ስለዚህ አልተርከውም። መብራት የሚጠፋበት ቀን አለ፤ ያን ቀን እንጠብቃለን። እንደ ናፍጣው ግን ወር ሙሉ ጠብቀን አናውቅም።

የማታውቁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ባለፈው ሰኞ አህመዴ ከሥራ በኋላ ቤቴ መጣ። ቁጭ በል ብለው አልቀመጥ አለ።

"እትዬ፣ ከከሚሴ ወዲህ ያሉ ሦስት ወፍጮ ቤቶች ጠርተውኛል። እነሱም ናፍጣውን ሊያወጡ ነው። የሚገጥምላቸው የለም።"

ምን ላድርግህ ብዬ ስጨነቅበት የከረምኩት ሰው ልሂድ ብሎ ፈቃድ ይለምነኛል። መጀመሪያ ደነገጥኩ፤ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽም ከፋኝ። ከዚያ እጁን ይዤ መረቅሁት። የአባቴን የመፍቻ ሣጥን አውጥቼ ሰጠሁት፤ በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

በማግሥቱ ማለዳ ወፍጮ ቤቱን ብቻዬን ከፈትኩ። አባቴ ሴት ልጅ ሞተር እንድትነካ አይፈቅድም ነበር፤ ያንን ሞተር ለማስነሳትም የወንድ ትከሻ ይጠይቃል። ስለዚህ ወፍጮው የኔ ከሆነ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን በእጄ አስነስቼው አላውቅም። የመጀመሪያዋ ባለ ማሽላ ገባች። ስልቻዋን አወረደችና ዞር ዞር ብላ አየች።

"አህመዴ የለም እንዴ? ማን ሊያስነሳው ነው?"

አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫንኩት። ቺንጋው ተወጠረ፣ ድንጋዩ መዞር ጀመረ።

"አፍስሺ" አልኳት።